ጌሾ ያልገባበት ብርዝ

ዘንድሮ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ጭስ ነው። የታችኛው ግቢ ልጆች ደረቅ ቅጠልና ካርቶን ሰብስበው አጥሩ ሥር ለኩሰውት ኖሯል፤ መስኮቴን ብዘጋ በበሩ ሥር ገባ። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለውን ልማድ ከተማው እየረሳው ነው ስል ነበር፤ ኮልፌ ግን አልረሳም። ድሮ በዚህ ቀን ከጦር ኃይሎች እስከ አስኮ ያለው ሰፈር ሁሉ ይታጠን ነበር። በየደጁ የቆሻሻ ክምር ይነዳል፣ ልብስ ያሰጣ ሰው ይራገማል፣ አስም ያለበት ደግሞ በሩን ዘግቶ ይውላል። እኔም ጡረታ ብወጣም ነርስ ነኝና፣ ስለ ሳንባቸው ልቆጣቸው ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ግን ቁጣዬ በረደ። ጭሱ ጋሽ ደምሰውን አመጣብኝ፤ ልጆቹን ትቼ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ።

ያኔ ከነርሲንግ ትምህርት ቤት የወጣሁ ሰሞን ነበር። ኮልፌ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድቤ፣ ሰው «ሲስተር» ሲለኝ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ ወደ ኋላ እዞራለሁ። የሥራዬ ግማሹ እዚያው ጤና ጣቢያ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መከታተል። ክረምት ላይ ይህ ሁለተኛው ሥራ ቅጣት ነበር። የዚያን ጊዜውን የኮልፌን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዱን ቦት ስነቅል ሌላው ተተክሎ ይቀራል። እናቴ ማታ እግሬን ስታይ «ይህን ሁሉ የተማርሽው ጭቃ ልታቦኪ ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ጋሽ ደምሰው ከእነዚያ ሕሙማን አንዱ ነበሩ። አጠና ተራ አጠገብ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ቦታ፣ በርና መስኮት የሚሠሩ አናጢ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰው ሲያዳምጡ አንገታቸውን ዘንበል የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ለብዙ ዓመታት ቁርሳቸው አረቄ ነበር። ጠዋት አንድ ሁለት መለኪያ ካልቀመሱ እጃቸው መጋዝ አይዝም። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ሰክረው የገዛ ቤታቸውን በር ሰብረው ገቡ። በማግስቱ፣ ራሳቸው የሠሩትን በር ተሰብሮ ሲያዩት በጣም አፈሩና መጠጥ እርም ብለው ባንድ ቀን አቆሙ።

ይህ ለሰሚው ጀግንነት ይመስላል። ሰውነቱ ከመጠጥ ጋር የተላመደ ሰው ግን ያለ ሐኪም ባንዴ ሲያቆም ሊሞት ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ዛሬም ጥቂት ነው። ሦስት ቀን ሳይሞላቸው ላብ አጠመቃቸው፣ ተንቀጠቀጡ፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ጉንዳን እየጠረጉ ይጮኹ ጀመር። ጎረቤት ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳቸው። እዚያ ብዙ ሰነበቱ። ሲወጡ ሐኪሙ ለእሳቸውም ለባለቤታቸው ለእትዬ ዘውዴም እቅጩን ነገራቸው። ጉበታቸው ተጎድቷል፤ ካልጠጡ ሊያገግም ይችላል፤ እንደገና ከጀመሩ ግን የሚቀጥለውን ክረምት አያዩም። ከዚያ ወደ እኛ ላኳቸው፤ የእኛዎቹ ደግሞ ሰፈሩ ቅርብሽ ነው ብለው ለእኔ ሰጡኝ።

እንግዲህ በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ዓይናቸው ቢጫ መሆን አለመሆኑን በመስኮቱ ብርሃን አያለሁ፤ እግራቸውን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ እብጠት እፈልጋለሁ፤ እንቅልፋቸውን፣ የምግብ ፍላጎታቸውን፣ የሰገራቸውን ቀለም ሳይቀር እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ያፍሩ ነበር። «ይሄን ለልጅ እንዴት እናገራለሁ?» ይሉና ጣሪያውን እያዩ ይመልሱልኛል። የቫይታሚን ክኒናቸውን እንዲውጡ፣ ራሴን አመመኝ ብለው ከሱቅ መድኃኒት እንዳይገዙ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁርስ ሳይበሉ ደጅ እንዳይወጡ እነዘንዛለሁ። እትዬ ዘውዴ ቂንጬውን በቅቤ አሽሞንሙነው ያቀርባሉ፤ ለእኔም አይቀርልኝም። ያን ክረምት የወፈርኩት እሳቸው ቤት ነው።

መጠጥ መተው ማለት አለመጠጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ደምሰው ግን የቀናቸውን ቅርጽ ከሥር ነቅለው እንደገና መሥራት ነበረባቸው። ከሥራ ወደ ቤት የሚወስደው አጭሩ መንገድ በሦስት አረቄ ቤቶች ደጅ ያልፋል። ተነጋግረን በላይኛው መንገድ መምጣት ጀመሩ።

«ዳገት ነው፤ ትንፋሼን ይቆርጠዋል» አሉኝ አንድ ቀን። «ግን ማንም ስሜን አይጠራኝም።»

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን የሚመጣባቸውን አምሮት በምን እንደሚያልፉት ብዙ መላ ሞከርን። በመጨረሻ የረዳቸው ኪሳቸው ውስጥ የሚይዙት ገብስ ቆሎ ነው። አምሮቱ ሲመጣ አንድ እፍኝ ይዘው ቀስ ብለው ይቆረጥማሉ። «ቆሎው አይደለም የሚያድነኝ፤ አፌ ሥራ ሲይዝ ጊዜው ያልፋል» ይሉ ነበር። ይህን አባባላቸውን ለብዙ ታካሚ ነግሬዋለሁ።

ከሁሉ የከበደው እምቢ ማለት ነበር። በእኛ አገር የቀረበን መጠጥ አልጠጣም ማለት ሰውን እንደ መስደብ ነው፤ ሰጪውም እስኪቀበሉት ድረስ አይለቅም። ስለዚህ እቤታቸው ውስጥ እንለማመድ አልኳቸው። እኔ ደጋሽ፣ እሳቸው እንግዳ።

«እንዴ ጋሽ ደምሰው! አንዲት ብቻ ይቅመሱልኝ እንጂ» አልኩ።

«አይ፣ አመሰግናለሁ።»

እትዬ ዘውዴ ከጓዳ ሆነው በሳቅ ፈረሱ። «አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ነው እንዴ ሰው የሚለመነው? ቢሮ የገባሽ መሰለሽ?» እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ መጡና ባዶ ብርጭቆ አንሥተው ከባላቸው አፍንጫ ሥር ደቀኑት። «በሞቴ! አፈር ስሆን! ካልጠጣህልኝ ዛሬ ተቀየምኩህ! ስንት ዘመን አብረን የኖርን ሰዎች እንዲህ እንሁን? አፈር ስሆን አንዴ ብቻ ፉት በልልኝ!»

ጋሽ ደምሰው ወደ ግድግዳው አፈገፈጉ። ከዚያ ቀና ብለው «ዘውዴ፣ ታምሜ ነው። ብትቀየሚም አልጠጣም» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን እሳቸው ግንባር ላይ ላብ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ለማኟ እትዬ ዘውዴ ሆኑ፤ እኔ ከተመልካችነት አላለፍኩም። እኔ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከማን እጅም ቢሆን የተሰጥዎትን ነገር ሳያጣሩ አይጠጡ። ይጠይቁ፣ ያሽትቱ፤ ከተጠራጠሩ ያስቀምጡት» እላቸው ነበር።

ክረምቱ አለፈ። መስቀልም በሰላም አለፈ፤ ፊታቸው ሞላ፣ እጃቸው መንቀጥቀጡን ተወ። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ስሄድ ሁለቱም ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቁኝ። የሚካኤል ማኅበር ተራ ደርሷቸዋል፤ ያውም የኅዳሩ።

ማኅበሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። በየወሩ በአሥራ ሁለት አባላቱ በየተራ ቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ ባለተራው ዳቦ ይጋግራል፣ ጠላ ይጠምቃል፤ ቄሱ ዳቦውንና ጽዋውን ይባርካሉ። ጽዋው በጨርቅ የተሸፈነ የሸክላ ዕቃ ነው፤ የሚሞላውም ጠላ ነው። በእነሱ ማኅበር ልማድ ከተባረከው ጽዋ መጀመሪያ የሚቀምሰው ባለተራው ነው፤ ከዚያ ለሁሉም ይዞራል። ኅዳር ደግሞ ዓመታዊው በዓል ስለሆነ ድግሱ ይበረታል። ጠላው ቀኑ ከመድረሱ በፊት ተጠንስሶ፣ ጌሾው ገብቶ፣ ያቺን አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ሲያጥናት ሊሰነብት ነው። ጋሽ ደምሰው ያን እየሸተቱ ሊያድሩ፣ በስተመጨረሻም በሰው ሁሉ ፊት የመጀመሪያውን ጉንጭ ሊቀምሱ ነው።

እኔ ያደግኩት የመጠጥ ጠርሙስ በማይገባበት የጴንጤ ቤት ነው። ከማኅበሩ ቢወጡ ነገሩ ሁሉ የሚያልቅ መስሎኝ ይህንኑ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ደምሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ ያን ቀን ተሸክሞ ሆስፒታል ያደረሰኝ ማን ይመስልሻል? ማኅበሩ ነው። ዘውዴ ስትደክም አልጋዬ አጠገብ ተራ እየገቡ ያደሩት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ከወጣሁ የሚቀረኝ ወዳጅ አረቄ ቤት ያለው ብቻ ነው።»

ከማኅበሩ ይውጡ ማለቴን ተውኩ። በሚቀጥለው እሑድ ራሳቸው ወደ ማኅበሩ ቄስ፣ ወደ አባ ተክሌ ሄደው የሐኪሙን ቃል ነገሯቸው። ጠላው ሌላ ሰው ቤት ይጠመቅ ይሆናል ብለው ነበር የጠበቁት። አባ ተክሌ ግን ጥቂት አሰቡና «ማኅበሩ የሚካኤል ነው እንጂ የጠላ አይደለም። ለዘንድሮ በብርዝ እንባርካለን» አሉ። ብርዝ በውሃ የተበጠበጠ ማር ነው፤ ለሕፃንም ይሰጣል። አባላቱ ተስማሙ። አንዱ ከጎጃም የመጣለትን ነጭ ማር ሰጠ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ይልማ ብቻ፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ጨዋታ ወዳድ ሰው ናቸው፣ «ኅዳር ሚካኤልን በማር ውሃ! ይሄንንም አየን!» ብለው ሲያጉረመርሙ ከረሙ። የሚጠጡት ጠላ ስለቀረባቸው ነው እንጂ ክፋት የላቸውም።

እኔም ተደሰትኩ። ጋሽ ደምሰው «ትመጫለሽ አይደል? አንቺም ደክመሽበታል» ሲሉኝ እሺ አልኩ። እናቴ የማኅበር ድግስ እንደምሄድ ስትሰማ ዓይኗን አፈጠጠች፤ «ለሥራ ነው» ብዬ ወጣሁ። እውነቴን ነበር።

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ሰፈሩ በጭስ ታፍኖ ነበር። ፀሐዩ እንደ ብርቱካን ቀልቷል፤ በየመንገዱ ዳር ያረጀ ጫማ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ቅጠል ይነዳል። ጋሽ ደምሰው ቤት ስደርስ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ነበር። ውስጡ በሰው ሞልቷል፤ ሳሩ ተጎዝጉዟል፣ በኮባ የተጋገረው ድፎ ዳቦ ተደርድሯል፣ ከጓዳ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል። እትዬ ዘውዴ በአዲስ ቀሚስ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ጋሽ ደምሰው ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ተላጭተው፣ በገዛ እጃቸው በሠሩት መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ለእኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ተሰጠኝ።

አባ ተክሌ ጸሎት አደረሱ። ዳቦውን ባረኩ፤ ጽዋውንም ባረኩ። ሁሉም ቆመ። ከዚያ ጽዋውን አንሥተው ለጋሽ ደምሰው ሰጧቸው።

ጋሽ ደምሰው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አስጠግተው ሲያሸቱ አየኋቸው፤ በልቤ ጎሽ አልኩ። ግን የዚያን ቀን የኮልፌ አየር ውስጥ ከጭስ በቀር ምን ይሸታል? ከንፈራቸውን አስነኩ። ከዚያ ቆም አሉ። እልል ለማለት አፋቸውን ያዘጋጁ ሴቶች ነበሩ። ጋሽ ደምሰው ጽዋውን ከአፋቸው አወረዱት። አንገቱን ተሳለሙና ለአባ ተክሌ መልሰው ዘረጉት።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይሄ ብርዝ ፈልቷል። መጠጥ ሆኗል።»

የተባረከ ጽዋ ተመልሶ ሲዘረጋ ማንም አይቶ አያውቅም። ከዚያ የእትዬ ዘውዴ ድምፅ ከጓዳው በር መጣ።

«ምን አልክ አንተ? በገዛ እጄ የበጠበጥኩትን? በሚካኤል ስም እምላለሁ፣ ጌሾ የሚባል ነገር አልነካውም! ጌሾ ያልገባበት ምኑ መጠጥ ይሆናል?»

«አውቃለሁ ዘውዴ። ግን ፈልቷል።»

አቶ ይልማ ጽዋውን ከአባ ተክሌ እጅ ተቀብለው ቀመሱ። «ማር ነው!» አሉ። እንደገና ቀመሱ፤ በዚህኛው ጉሮሯቸው ረዘም ላለ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። «ጥሩ ማር ነው። ደምሰው፣ አሁንስ ሰይጣን ብርዝም ውስጥ ይታይህ ጀመር እንዴ?» ሰው ሳቀ። አንዷ ሴት «አምሮቱ ነው፤ የለመደ ምላስ ሁሉም ነገር መጠጥ መጠጥ ይለዋል» ስትል ሰማኋት። እትዬ ዘውዴ ያለቅሱ ጀመር። ያን ሁሉ ቀን ደክመው፣ በሰው ሁሉ ፊት ባላቸው መጠጥ ሰጠሽኝ ያላቸው ያህል ነበር።

«ነርሷ ትቅመሰው!» አለ አንዱ። ጽዋው ወደ እኔ መጣ። በሕይወቴ አንዲት ጠብታ መጠጥ በአፌ አልገባም፤ ለመለየት እዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ የባሰ ሰው አልነበረም። ቀመስኩ። ጣፋጭ ነው። ምላሴን እንደ ለስላሳ ቆንጠጥ አደረገኝ፤ ሌላ የማውቀው የለም። «ጣፈጠኝ» አልኩ፤ ቤቱ እንደገና ሳቀ። ጋሽ ደምሰው ግን አልሳቁም፤ ጋቢያቸውን ጨምድደው ይዘው ቆመዋል።

ነገሩን የለዩት እማማ ጀማነሽ ናቸው። የሠፈሩ የታወቁ ጠማቂ አሮጊት ናቸው፤ ወገባቸውን ይዘው ተነሡና ጽዋውን ተቀብለው ፉት አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዘውዴ፣ መቼ ነው የበጠበጥሽው?»

«አራት ቀኑ ነው። በዕለቱ ተበጥብጦ ለሚካኤል ይቀርባል እንዴ? ምን ይሉኛል?»

«በምን ዕቃ?»

«በእርስዎ ጋን ነዋ! በግራዋ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ። ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩት።»

እማማ ጀማነሽ ግንባራቸውን መቱ። «ለመስቀል ጠጅ የጣልኩበት ጋን እኮ ነው ያዋስኩሽ! ጋኑ ጌሾውንም እርሾውንም ጠጥቶት ኖሯል። እናንተ ሰዎች፣ ደምሰው እውነቱን ነው። ይሄ ሁለት ቀን ቢቆይ ጠጅ ነው።»

አሁን ሲታሰብ ነገሩ ቀላል ነው። ማር፣ ውሃ፣ ሙቀት፣ የጠጅ ጋን፣ አራት ቀን። ግን ማንኛችንም አላሰብነውም። በእኛ ዘንድ መጠጥ የሚያደርገው ጌሾ ነው፤ ጌሾ ከሌለ መጠጥ የለም። እትዬ ዘውዴ ያጎደሉት ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ለበዓሉ የሰጡት ክብር ነው የበዛው።

ጋሽ ደምሰው «አንዴ ይቅርታ» ብለው ወጡ። ተከተልኳቸው። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ውሃ ጨልፈው አፋቸውን ተጉመጠመጡ፤ ደጋግመው ተጉመጠመጡ። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሎ አወጡና ቧንቧው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጭሱ በአጥሩ ላይ ይንከባለል ነበር። ትምህርት ቤት ስለዚህ አላስተማሩንም። ትንፋሻቸውን ቆጠርኩ፤ ነርስ የምትለው ሲጠፋት ይህን ታደርጋለች።

«ዋጡት እንዴ?» አልኳቸው።

«ከንፈሬን ነው የነካኝ። ግን ልጄ፣ ምላሴ ወዲያው አወቀው። ጠፍቶ እንደተገኘ ዘመድ ነው የተሳሳሙት።» ቆሎውን ቆረጠሙ። «ማንም እንዳላወቀ ገባኝ። አንድ ጊዜ ብጎነጨው የሚያውቅብኝ የለም። የተባረከ ነው፣ ዘውዴ ናት የሠራችው፣ አንቺም አለሽ። እንዲህ ያለ ጥሩ ምክንያት ከየት ይገኛል? አጥብቄ ነው የፈለግኩት።»

«አሁን ይሂዱ፤ ወደ እኛ ቤት ልውሰድዎት። እናቴ አለች፤ ሰው እስኪበተን ያርፋሉ» አልኩ።

«ቤቴ ነው እኮ። እንግዳ ትቼ የት እሄዳለሁ?»

እንደዚያ ብለው ተቀመጡ። ብዙ ቆየን። ውስጥ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ። ፈርቼ ነበር፤ በእርግጥ ፈርቼ ነበር። ብርዙ የተሞላበት ጋን ከመኝታቸው ጥቂት እርምጃ ርቆ ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል፤ እኔ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ እሳቸው እዚያ ያድራሉ። የሐኪሙ ቃል በጆሮዬ ነበር። ልጎትታቸውም፣ ልቆልፍባቸውም አልችልም።

ጋሽ ደምሰው ቆሎውን ጨርሰው እጃቸውን አራገፉና ተነሥተው ገቡ። መሐል ቤቱ ላይ ቆሙ።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ስሙኝ» አሉ። «ጉበቴን ታምሜ ነው እያልኩ ስነግራችሁ ቆይቻለሁ። ጉበቴ በኋላ የመጣ ነው። በሽታዬ መጠጥ ነው። አንድ ከቀመስኩ አላቆምም፤ እናንተ አታውቁትም እንጂ እኔ አውቀዋለሁ። ዘውዴ ምንም አላጠፋችም፤ ለእኔ ብላ ነው። ያን ጋን ግን ከቤቴ አውጡልኝ። ዛሬ፣ አሁን። እሱ ካለ እኔ ማደር አልችልም።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ የሚናገር ወንድ አልነበረም። ጠጪ ይሰደባል፣ ይመከራል፣ ጠበል ይወሰዳል፤ ራሱ ቆሞ «ታምሜያለሁ» አይልም። አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። አቶ ይልማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ጃኬታቸውን አውልቀው አስቀመጡና «ማን ነው የሚያግዘኝ?» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሌላ ጎልማሳ ተከተላቸው፤ ጋኑን ለሁለት ተሸክመው እየተወላገዱ፣ በጭሱ መሐል ወደ እማማ ጀማነሽ ቤት ወሰዱት። ጽዋው ውስጥ የነበረው ስለተባረከ አይደፋም፤ አባ ተክሌና ሽማግሌዎቹ ጨረሱት።

አባ ተክሌ ባዶውን ጽዋ አሳጠቡና ከባልዲ ውሃ አስሞሉት። «ውሃም ይባረካል» አሉ። እንደገና ቆምን። ጋሽ ደምሰው ተቀበሉ፣ አሸተቱ፣ ጠጡ። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ይልማ ከሸክሙ ላባቸውን እየጠረጉ ተመልሰው ነበር፤ ተራቸው ሲደርስ ጽዋውን ወደ ላይ አንሥተው «ከማር ውሃ ወደ ቧንቧ ውሃ ወረድን! ለከርሞ ደግሞ ባዶ ጽዋ እንሳለማለን!» አሉ። ጋሽ ደምሰው የሳቁት ያኔ ነው። ከዚያ ዶሮው ቀረበ፤ በላን። እትዬ ዘውዴ ግን ጓዳ በር ላይ ቆመው ባላቸውን ብቻ ያዩ ነበር፤ ያኔ የተቀየሙ መስሎኝ ነበር።

ስለ ጋሽ ደምሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ካሳመርኩት እዋሻለሁ። ዓመታት ቆይተው፣ ወንድማቸው የሞተ ሰሞን ወድቀዋል። ሳምንት ጠጥተው ራሳቸው በእግራቸው ጤና ጣቢያ መጡ፤ ፊታቸው አብጦ፣ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ። «ሲስተር፣ ፈረስኩ። ከየት ልጀምር?» አሉኝ። መጀመሪያ ለሐኪም አሳየናቸው፤ ባንዴ ማቆም ያመጣባቸውን አልረሳንምና። ቤት ሲመለሱ ደግሞ «ከቁርስ ይጀምሩ» አልኳቸው። ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ በር ሲሠሩ፣ መስኮት ሲሠሩ አረጁ፤ ካረፉ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጉበታቸው አይደለም የወሰዳቸው። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ብዙ ጠጪ ተከታትያለሁ፤ የዳኑም አሉ፣ የቀበርናቸውም አሉ። የማንኛቸውም ከንፈር ላይ ቆሜ መጠበቅ አልቻልኩም። እስከ ቤት በር፣ እስከ ማዕድ፣ እስከ መድኃኒቱ እሄዳለሁ፤ ብርጭቆው ከንፈር ሲደርስ ግን ሰውዬው ብቻውን ነው።

በዘንድሮው ሚካኤል ጠዋት በረንዳው ላይ ብዙ ቆይቼ ኖሮ እግሬ ደነዘዘ። ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ገዝቼ ወደ እትዬ ዘውዴ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ከብዷል፤ ግን አፋቸው እንደ ድሮው ነው። ስለዚያ ቀን አነሣሁባቸውና፣ በሰው ፊት ስላፈሩ በጋሽ ደምሰው ላይ ቂም ይዘው እንደሆነ ጮክ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቂም?» አሉ። «እንዲህ ልንገርሽ። ሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ አንድ ቀን ተኝቼ አላውቅም ነበር። ሲገባ ትንፋሹን አሸታለሁ፤ ሲተኛ ኪሱን እዳብሳለሁ። አንቺ በሳምንት አንዴ ትመጫለሽ፤ ሌላውን ቀን እኔ ነበርኩ ዘበኛው። ያን ቀን ግን ሁላችንም ሳናውቅ እሱ ብቻውን አወቀ፤ ያውም በእኔ እጅ የተሠራውን። በሰው ፊት ‹አልጠጣም› አለኝ።» ብርቱካኑን በእጃቸው አገላበጡ። «ያን ቀን ነው ባል ያገኘሁት፣ ልጄ። ጋኑ ወጣ፣ እንግዳው ተበተነ፣ ዕቃውን ሳላጥብ ጋደም አልኩ። ተኛሁ።»